ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃንና የወላጆቹ ጭንቀት

ገበሬ ዘሩን ከዘራ በኋላ አዝመራው የሚደርስበትን ወር ያውቃል። ስንዴውም ጤፉም ጊዜውን ጠብቆ ይታጨዳል። የሰው ልጅም በእናቱ ማኅፀን የሚቆይበት የታወቀ ጊዜ አለው። ይኸውም ዘጠኝ ወር፣ በሳምንት ሲቆጠር ደግሞ 40 ሳምንት ያህል ነው። ሆኖም ይህን ጊዜ ሳይጨርስ የሚወለድ ሕፃን አለ። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ይባላል።

ይህ በጥቂት ቤት ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደዋል። ይህም ከ10 ሕፃናት አንዱ ያህል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ሁሉም ሰው «ሕፃኑ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቁም ተገቢ ነው። «እናቲቱስ? አባትየውስ?» የሚል ግን ጥቂት ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህን የተረሳ ጥያቄ ነው። የወላጅ አእምሮ ሲታወክ ሕፃኑም ይጎዳልና።

፩. ሕፃኑ የሚጎድለው ምንድን ነው?

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን አራት ነገሮች ያስቸግሩታል። አንደኛ፣ ገላው ስብ ስለሌለው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ሳንባው ስላልጠነከረ መተንፈስ ይቸግረዋል። ሦስተኛ፣ ጡት ለመጥባት ጉልበት ያንሰዋል። አራተኛ፣ በሽታ የመከላከል ኃይሉ ዝቅተኛ ነው።

በአገራችን ደጋ ደግሞ ብርዱ ይበረታል። የመካነ ሰላም ከተማ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ ትገኛለች። በቦረና፣ በአማራ ሳይንትና በለጋምቦ ደጋ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ለትልቅ ሰው ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ አንድ ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ሕፃን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም።

፪. ጥፋቱ የማን ነው?

እናትየው መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው። «እንስራ ተሸክሜ ስለወጣሁ ይሆን? ከባለቤቴ ጋር ስለተጣላሁ ይሆን? አምሮኝ ያልበላሁት ነገር ይሆን?» እያለች ራሷን ትመረምራለች። ጎረቤትም አንዳንዴ «ዓይን ነው»፣ «አርፈሽ አልተቀመጥሽም» እያለ በቁስሏ ላይ እንጨት ይሰድባታል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ እንዲወለድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች የሚከተሉት ይገኛሉ፦

ሀ/ የእርጉዝ ሴት ደም ግፊት፤
ለ/ የሽንት ቧንቧና የማኅፀን ልክፈት፤ ወባም ጭምር፤
ሐ/ መንታ እርግዝና፤
መ/ የደም ማነስና የምግብ እጥረት፤
ሠ/ ልጆችን ሳያራርቁ መውለድ።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ሐኪም እንኳ መርምሮ ምክንያቱን ሳያገኘው ይቀራል። ስለዚህ «በኔ ጥፋት ነው» ማለት ማስረጃ የሌለው ክስ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም ያችው አንዲት እናት ሆና ሌሊቱን ስትፋረድ ታድራለች። ይህን ክስ መዝጋት የቤተሰቡ ሥራ ነው። ባል «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ብሎ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ሊነግራት ይገባል።

«የሰባት ወር ልጅ ይተርፋል፣ የስምንት ወር ግን አይተርፍም» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትቀበሉት። ሕፃኑ በማኅፀን በቆየ መጠን የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። በስምንት ወር የተወለደ በሰባት ወር ከተወለደው የተሻለ ዕድል አለው። ይህ የተሳሳተ አነጋገር የስንቱን እናት ተስፋ ይቆርጣል!

፫. መንገዱና የማሞቂያው ክፍል

እንበልና አንዲት የወግዲ እናት በሰባተኛ ወሯ ምጥ ያዛት። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አደረሳት። ከዚያ መካነ ሰላም ሆስፒታል ገብታ ወለደች። ሕፃኑ የበለጠ ሕክምና ያስፈልገዋል ቢባል የሚላከው ወደ ደሴ ነው። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። በዚያ ላይ ሰላም ሲታጣ መንገድ ይዘጋል። የደሴ ሆስፒታል ራሱ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ ብዙ ጉዳት ደርሶበት ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ በወላጅ ሐሳብ ላይ ሐሳብ ይጨምራል።

ሆስፒታል ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ይጠብቃቸዋል። ሕፃኑ መስተዋት ባለው የማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ይገባል። በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ይደረግለታል። መሣሪያው ይጮኻል፣ መብራቱ ይበራል ይጠፋል። እናትየው «ልጄ የኔ ነው ወይስ የሐኪሞቹ?» እስክትል ድረስ እንግድነት ይሰማታል። ጡቷ ወተት ይዞ ሕፃኑ ግን ክንዷ ላይ የለም።

እዚህ ላይ ወላጆች ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። መጠየቅ መብታቸው ነው። «ይህ ቱቦ ለምንድን ነው? ዛሬ ክብደቱ ስንት ሆነ? መቼ ልነካው እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ያልተነገረው ሰው ከበሽታው የባሰ ነገር እያሰበ ይጨነቃል። የተነገረው ግን ጭንቀቱ መልክ ይይዝለታል። ማንበብና መጻፍ የምትችሉ ደግሞ የሕፃኑን ክብደት በየቀኑ በደብተር ጻፉ። ከ1,400 ግራም ወደ 1,420፣ ከዚያም ወደ 1,450 ሲወጣ በዓይን የማይታየው ዕድገት በቁጥር ይታያል።

፬. የእናት ሐሳብና የአባት ሐሳብ

እናት በወግ ታርሳ፣ ገንፎ ተገንፍቶላት፣ ዘመድ ተሰብስቦ እልል ሊባልላት ይገባ ነበር። ቀኑ ሳይደርስ የወለደች ግን አራስነቷ በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ያልፋል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው ሳይቀር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ደስ ይበላት ወይስ ትዘን? እሷም አታውቀውም። ልጁን ለመውደድ ሳይቀር ትፈራለች። «ብወደውና ቢሞትብኝስ?» ትላለች። ይህ ክፋት አይደለም። የተጎዳ ልብ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው።

ሌላም የምትጨነቅበት ነገር አለ። ክርስቲያን ከሆነች ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እንደሚነሡ ታውቃለች። «ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ?» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣታል። ሆኖም ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሲሆን ቀኑ ሳይደርስ እንዲጠመቅ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። ስለዚህ ካህን ማማከር ነው። ሙስሊም ከሆነችም የአዛኑንና በሰባተኛው ቀን የሚደረገውን የስም ማውጣት ነገር ሼኹን ጠይቆ መላ ማግኘት ይቻላል። ለሕፃኑ ስም ማውጣት ራሱ ልብ ያጸናል። «ሕፃኑ» ከመባል በስሙ ሲጠራ ሰው ይሆናል።

አባትስ? አባት በሩ ላይ ይቆማል። መድኃኒት ግዛ ሲባል ይሮጣል። ቤት የቀሩት ልጆችና ከብቶች፣ ያልታረሰው ማሳ፣ የመኪናው ኪራይ በጭንቅላቱ ይዞርበታል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ስላደገ እንባውን ይውጠዋል። የተዋጠ እንባ ግን አይጠፋም። አንዳንዱን ያስቆጣዋል፣ አንዳንዱን መጠጥ ቤት ያስገባዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ዝም ያሰኘዋል። ሚስቱ ዝምታውን አይታ «ተቀይሞኛል» ብላ ታስባለች። እሱ ደግሞ እንባዋን አይቶ «እንዳላስጨንቃት» ብሎ ይሸሻል። ሁለቱም አንድ ሸክም ለየብቻ ይሸከማሉ። ሸክሙ የሚቀለው ሁለቱ ሲነጋገሩ ብቻ ነው።

የገንዘቡን ጭንቀት ለማቃለል የማኅበረሰብ ጤና መድን ይረዳል። በ2003 ዓ.ም. ሥራው በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። አባል መሆን የሚጠቅመው ሳይታመሙ በፊት ነው።

፭. ሐዘን ሕመም የሚሆነው መቼ ነው?

ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ብዙ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ይነጫነጫሉ። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቃል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ሕመም ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ/ ሕፃኑ ተኝቶም እሷ እንቅልፍ ታጣለች፤
ለ/ ምግብ ያስጠላታል፣ ጉልበት ያጥራታል፤
ሐ/ ቀድሞ ደስ የሚላት ነገር ሁሉ ደስ አይላትም፤
መ/ ሕፃኑን ማየት ትፈራለች፤ ወይም ለአፍታ እንኳ ዓይኗን ከእሱ መንቀል አትችልም፤
ሠ/ የሆስፒታሉ ሁኔታ በሕልሟም በእውኗም እየተመለሰ ያስደነግጣታል፤
ረ/ «እኔ ዋጋ የለኝም፣ ብሞት ይሻላል» ትላለች።

የመጨረሻውን የተናገረች እናት ብቻዋን አትተው። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ። ድንገት የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ሰው የማትለይ፣ ወይም ሕፃኑን ልጉዳ የምትል ከሆነች እሷም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። ይህ ሕመም እንጂ እርግማን አይደለም። ታክሞም ይድናል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደኛ ባሉ በማደግ ላይ በሚገኙ አገሮች ከወለዱ 100 እናቶች 20 ያህሉ የአእምሮ ሕመም ያጋጥማቸዋል። አብዛኛውም የድብርት ሕመም ነው። ቀኑ ሳይደርስ የወለደችዋ ደግሞ ከሌላዋ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠች ናት። አባቶችንም ይይዛል።

ሕክምናውስ? መጀመሪያ ከባለሙያ ጋር በግልጽ መነጋገር ነው። ካስፈለገም መድኃኒት አለ። ጡት ለምታጠባ እናት የሚስማማውን ሐኪሙ ይመርጣል። በራስ ፈቃድ መጀመርም ማቋረጥም አይገባም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ። ከሕክምናው ግን አይቅር። ሁለቱ አይጣሉም።

፮. ገላ ለገላ፦ ለሁለቱም የሚሆን መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የሚሠሩ ሐኪሞች ችግር ገጠማቸው። የማሞቂያ ሣጥኑ ጥቂት፣ ሕፃናቱ ብዙ ሆኑ። ሐኪሞቹም ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ማሰር ጀመሩ። አውስትራልያ የሚገኘው ካንጋሮ የሚባለው እንስሳ ግልገሉን በሆዱ ከረጢት ይዞ እንደሚያሳድግ፣ እናትም በገላዋ ሙቀት ልጇን ማሳደግ እንደምትችል ታየ።

በአገራችን ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህን መርምረዋል። ከባልደረባቸው ጋር ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ክብደታቸው ከሁለት ኪሎ በታች ከሆነ ሕፃናት መካከል በተለመደው መንገድ ከተያዙት ከ100 38 ሲሞቱ፣ ቶሎ ገላ ለገላ ከታቀፉት ግን የሞቱት ከ100 22 ያህል ነበሩ። ቆይቶም በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። እንደተወለዱ ወዲያው መታቀፍ የሕፃናቱን ሞት በሩብ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ የዓለም የጤና ድርጅት ይህ በሁሉም ቦታ እንዲሠራበት መከረ።

አሠራሩ ይህ ነው። ሕፃኑ ቆብ፣ ካልሲና የሽንት ጨርቅ ብቻ ይደረግለታል። በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ደረት ለደረት ይታቀፋል። እግሩ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋል። አፍንጫው እንዳይታፈን ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል። ከዚያ በነጠላ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና ከላይ ጋቢ ይደረባል። በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ቢቻል ቀንም ሌሊትም እንዲሁ ይቆያል። መጥባት ካልቻለ የታለበ የእናቱ ወተት በቱቦ ወይም በሲኒ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለሙያ ያሳያል፣ ይቆጣጠራል።

እናትስ ምን ትጠቀማለች? የልጇን ልብ ትርታ በደረቷ ትሰማለች። ወተቷ ይጨምራል። «ለልጄ ምንም አላደረግሁለትም» ስትል የነበረችው አሁን ማሞቂያው እሷ ትሆናለች። በሕንድ አገር የተደረገ ጥናት ልጆቻቸውን ገላ ለገላ በታቀፉ እናቶች ዘንድ የድብርት ምልክት እንደሚቀንስ አሳይቷል። አባትም ሸሚዙን አውልቆ ሊያቅፍ ይችላል። ይህ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። እናቲቱ ገላዋን ስትታጠብና ስትተኛ አባት ወይም አያት ቢተኩ ሁሉም ልጁን ይለምዱታል።

፯. ጎረቤትና ቅሬ ምን ያድርጉ?

በወሎ ቅሬ የሚሰበሰበው ለቀብር ብቻ አይደለም። የታመመንም ይሸከማል። ታዲያ ሕፃኑን በቃሬዛ የተሸከመ ጎረቤት የወላጆቹንም ልብ ቢሸከም ምን ይከብደዋል? ለአባትየው ማሳውን ማረስ፣ ከብቱን መጠበቅ፣ ትልልቆቹን ልጆች ማብላት ትልቅ ሕክምና ነው።

ንግግርም ያድናል፣ ይገድላልም። «ይቺ አይጥ የምታክል ልጅ ታድጋለች ብለሽ ነው?» አይባልም። «ተይው፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አይባልም። ይልቅስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «አብሽሪ እታለም፣ አለንልሽ። ዛሬ ስንት ግራም ሆነ?» ማለት ይሻላል። ማልቀስ ካማራትም ታልቅስ። ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው መድኃኒት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ሕፃኑን መዝነው ብቻ አይመለሱ። «አንቺስ እንቅልፍ ትተኛለሽ?» ብለው ይጠይቁ። እናንተም ባይጠይቋችሁ ንገሯቸው።

፰. ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

ሕፃኑ ከሆስፒታል ወጣ ማለት ጭንቀቱ አብሮ ወጣ ማለት አይደለም። ባስነጠሰ ቁጥር የወላጆቹ ልብ ይመታል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው ግን ልጃቸውን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማስተያየት ነው። «የእሷ ልጅ ተቀመጠ፣ የኔ ግን አንገቱን ገና መያዙ ነው» ይላሉ። ይህ የሚመጣው ዕድሜን ካለመቁጠር ነው። እስቲ ሂሳቡን እንሥራ።

መስከረም 1 መወለድ የነበረበት ሕፃን ሐምሌ 1 ተወለደ እንበል። ሁለት ወር ያህል ቀድሟል ማለት ነው። ጥር 1 ሲሆን ከተወለደ ስድስት ወር ይሆነዋል። ዕድገቱን ስንመዝን ግን የቀደመበትን ሁለት ወር እንቀንሳለን። 6 ሲቀነስ 2፣ 4 ይሆናል። ስለዚህ ከአራት ወር ልጅ እንጂ ከስድስት ወር ልጅ ጋር አይወዳደርም። እስከ ሁለት ዓመቱ እንዲህ ይቆጠራል። ክትባቱ ግን በተወለደበት ቀን ተቆጥሮ ይሰጣል። ቀጠሮ አይለፍ።

፱. ሕፃኑ ያረፈ እንደሆነ

ሁሉም ሕፃን አይተርፍም። ይህን መደበቅ አይገባም። በብዙ ቦታ ክርስትና ሳይነሣ ለሞተ ሕፃን ለቅሶ አይቀመጥም። ሰውም «ገና ነው፣ አትዘኑ» ይላል። እናትየው ግን ሰባት ወር ተሸክማዋለች፣ ሲንፈራገጥ ሰምታዋለች። ለእሷ ልጅ ነው። ሐዘኗን የከለከሏት እናት ሐዘኗ ወደ ውስጥ ገብቶ ሕመም ይሆናል።

ስለዚህ የፈለገች እንደሆነ ልጇን ትየው፣ ትቀፈው። በስሙ ይጠራ። ጎረቤት ቡና አፍልቶ ይቀመጥላት። ጡቷ ወተት ሲይዝ ያማታልና ምን እንደምታደርግ ባለሙያ ይምከራት። አባትም «እግዜር ያጽናህ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» ይባል። እሱም ልጅ ሞቶበታል። እንደገና ለማርገዝ አይቸኮል። በሚቀጥለው እርግዝናም ገና ከጅምሩ ክትትል ይደረግ።

ባጠቃላይ፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ሙቀት፣ ወተትና ንጽሕና ይሻል። ወላጆቹም እንዲሁ ሦስት ነገር ይሻሉ። እነሱም እውነተኛ መረጃ፣ የሚያዳምጥ ሰውና ካስፈለገ ሕክምና ናቸው። ሕፃኑን የምታሞቅ እናት እሷንም የሚያሞቃት ያስፈልጋታል።

የቃላት ፍች

ልክፈት — ከሰው ወይም ከሌላ ነገር ወደ ገላ ገብቶ የሚያሳምም በሽታ
ድብርት — ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ የሐዘንና የተስፋ መቁረጥ ሕመም
ገላ ለገላ — ሕፃንን ያለ ልብስ በደረት ላይ አድርጎ ማቀፍ
ቃሬዛ — ሕመምተኛ የሚሸከሙበት ከእንጨት የሚሠራ አልጋ
ቅሬ — በወሎ ሰዎች ለቀብርና ለመረዳዳት የሚያቋቁሙት ማኅበር

ጥያቄዎች

1. ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ የሚባለው ስንት ሳምንት ያልሞላው ሕፃን ነው?
2. ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ እንዲወለድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ሦስቱን ጻፉ።
3. የእናት ሐዘን ከስንት ሳምንት በላይ ሲቆይ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል?
4. ሦስት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ ዛሬ ዘጠኝ ወር ሆነው። ዕድገቱን ከስንት ወር ልጅ ጋር እናስተያያለን?
5. በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሕፃን የወለዱ ባልና ሚስት ቢኖሩ ቅሬያችሁ ምን ሊያደርግላቸው ይችላል? ተወያዩና ጻፉ።